ዲስኩ ተከፈለ

ይህ ጽሑፍ ስለ ኮምፒውተር ነው። ከኮምፒውተር ሌላ ነገር ያነበበበት ሰው ቢኖር ያነበበው የገዛ ሆዱን ነውና ጸሐፊውን አይጠይቅ። ቀኖች ቢገጣጠሙ ጥፋቱ የዘመን አቆጣጠሩ፣ ስሞች ቢመሳሰሉ ጥፋቱ የስም አውጪው ነው። በዚህ ከተስማማን ወደ ወላይታ ሶዶ እንውረድ።

ዊንዶውስ 10 የሚባለው ሲስተም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ከሠሪው ከማይክሮሶፍት ድጋፍ ወጣ። የዘመን መለወጫው ጊፋታ ካለፈ ብዙም አልቆየም፤ ወላይታ ዓመቱን ሙሉ ለሰንጋ ያጠራቀመውን ጨርሶ ኪሱን የሚዳብስበት ሰሞን ነበር። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ከመስከረም 25 ቀን 2014 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፤ ግን ቤት መርጦ የሚገባ እንግዳ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 የተሰኘ የጥበቃ ቺፕ ይፈልጋል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ በአመዛኙ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰባት ትውልዶች ተራቸውን ሲጠብቁ ኖረው ደጅ ቀርተዋል።

በዚህ ምክንያት ዳሞታ ተራራ ሥር ያሉ የፎቶኮፒና የጽሕፈት ቤቶች በአሮጌ ላፕቶፕ ተሞሉ። ላፕቶፑን ይዞ የመጣ ሁሉ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ አፕግሬድ ይሁን ፎርማት?» ጥያቄው አጭር ነው። መልሱ ግን ቡና ቤቱን ለሁለት ከፍሎታል፤ ወንድም ከወንድሙ፣ መምህር ከርዕሰ መምህሩ፣ ሊስትሮ ከደንበኛው ተኳርፏል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ግድ ይላል።

አፕግሬድ የሚባለው የቁጥር ብቻ አይደለም፤ ዊንዶውስ ደረጃም አለው። ዝቅ ያለው ሆም ይባላል፤ ከፍ ያለው ፕሮ። የደረጃ ጥያቄ ያነሣ ሰው ዲስኩን መንካት አያስፈልገውም። 25 ሆሄ ያለው ቁልፍ ያስገባል፤ ማሽኑ ትንሽ ያስባል፤ ይጠፋል፤ ሲበራ ፕሮ ነኝ ይላል። ፋይሉ በቦታው ነው። ፕሮግራሙ በቦታው ነው። ቫይረሱም በቦታው ነው። በዚህ ሥራ የሚለወጠው የማዕረግ ስሙና ጥቂት ተጨማሪ በሮች ናቸው።

እዚህ ላይ የማያውቅ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ራሱ ያወጣው፣ ሁሉም የሚያውቀው የወል ቁልፍ አለ። እሱን ቢያስገቡ ደረጃው ያድጋል፤ ስሙም ይለወጣል። ግን አያነቃም። በስክሪኑ ታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ «ዊንዶውስን ያንቁ» የሚል ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ይቀመጥና አይነሣም። ባለቤቱ የግድግዳውን ሥዕል እንኳ ከሴቲንጉ ገብቶ መቀየር አይችልም። ስም ተሰጥቶት ማንቂያ ያልመጣለት ማሽን ከሩቅ ሲያዩት ፕሮ ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ለማኝ ነው። ደረጃው በአዋጅ ሊመጣ ይችላል፤ ማንቂያው ግን በጀት ይፈልጋል።

የተጨማሪዎቹ በሮች ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሆም የያዘ ሰው ለምን ፕሮ እንደሚፈልግ ሲጠየቅ «ራሴን በራሴ ለማስተዳደር» ይላል። መልካም ምኞት ነው። ታዲያ ፕሮ ከሆም የሚለይበት ዋናው ነገር ምንድን ነው? አንደኛ፣ ዶሜን የሚሉት መረብ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ማለትም ከማዕከል የሚወጣ ፖሊሲ ቀጥታ ይወርድለታል። ሁለተኛ፣ ሌላ ሰው ሌላ ከተማ ቁጭ ብሎ ገብቶ እንዲያዝዘው በሩን መክፈት ይችላል፤ ሆም ይህ ዕድል የለውም። ሦስተኛ፣ ዲስኩ በሙሉ ይቆለፍና ቁልፉ መሥሪያ ቤት ይቀመጣል። ራሱን ሊያስተዳድር ደረጃ ያሳደገ ማሽን የመጀመሪያ ሥራው ከሩቅ ትእዛዝ መቀበል ሆኖ ያርፈዋል። ይህ የኮምፒውተር ጠባይ ነው፤ ሌላ ምንም አልወጣኝም።

ደግሞ ከሆም ወደ ፕሮ መውጣት በአንድ ቁልፍ ቢሆንም ከፕሮ ወደ ሆም በቁልፍ መውረድ የለም። ልውረድ ያለ ሁሉን አጥፍቶ እንደገና ይጫን። አንዴ ከፍ ያለ ወንበር ላይ የወጣ ሲስተም ቤቱ ካልፈረሰ አይወርድም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ፤ የኮምፒውተሩን ታሪክ ማለቴ ነው። ዊንዶውስ 3.1 የወጣው በመጋቢት 1984 ነው። በዚያው ዓመት በጥር አገራችን ውስጥም አንድ ትልቅ ዲስክ 14 ቦታ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው። ከ7 እስከ 11 ያሉት አምስቱ ብዙ ሳይቆዩ ተጨፍልቀው አንድ ድራይቭ ሆኑ፤ ስሙም በአቅጣጫ ብቻ ተጠራ። ዊንዶውስ 95 ደግሞ ነሐሴ 18 ቀን 1987 ለዓለም ተሸጠ። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 15፣ እኛ ዘንድ ዘጠኝ ድራይቭ ያለው ሌላ ሲስተም በይፋ ሥራ ጀምሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ብልህ ሰው የአራት ጎረቤታሞችን ፊደል በአንድ ኪቦርድ ላይ ደባልቆ፣ ከየስማቸው አንዳንድ ቀለም ወስዶ ስም ሰጠው፤ መጽሐፍም አሳተመበት። ሶዶ «ይህ የእኔ ቋንቋ አይደለም» አለች። መጽሐፉ ተነሣ፤ ከዚያ በፊት ግን ደም ፈሶ ነበር። በመስከረም 1993 በብልሽቱ ስም ያተረፈው ዊንዶውስ ሚሌኒየም ሲወጣ፣ ያው ዓመት ሳያልቅ ወላይታም ከትልቁ ዞን ወጥቶ ራሱን የቻለ ፎልደር ሆነ። የማይክሮሶፍት ሰዎችና የእኛ ሰዎች ተጠባብቀው እንደማይሠሩ አውቃለሁ። አጋጣሚ ነው።

በነሐሴ 1987 የተጫነው ሲስተም መመሪያ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ከሽፋኑ አያልፍም። 47ኛው ቁጥር ላይ እንዲህ የሚል ነገር አለ፦ በአንድ ድራይቭ ውስጥ የሚኖር ማንኛውም ፎልደር የራሴ ድራይቭ ልሁን ማለት ይችላል፤ የራሱ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ከተስማማና ጥያቄው በጽሑፍ ከቀረበ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ባለቤቶቹ ድምፅ ይሰጡበታል። ጎረቤታችን ሲዳማ በዚህ መንገድ ኅዳር 10 ቀን 2012 ተጠየቀ፤ እሺ አለ፤ ድራይቭ ሆነ። ሶዶም በታኅሣሥ 2011 ይህንኑ ትእዛዝ ጽፋ ኢንተር ተጭና ነበር። የእሷ ስክሪን ላይ ግን ያቺ የምትዞር ነጭ ክብ ወጣች። ዞረች። አንድ ዓመት አለፈ፤ አሁንም ትዞራለች። የተቆጣ ሰው ማውሱን ደጋግሞ ሲጫን ማሽኑ «ምላሽ አይሰጥም» አለ፤ በነሐሴ 2012 ከዚያም አልፎ ተኮሰ። የተሰረዘ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ ተፈልጎ ይገኛል። ያን ሰሞን ሶዶና ቦዲቲ ላይ የጠፋውን ግን እስከ ዛሬ ሪስቶር ያደረገው የለም፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ሰም የለባትም።

በመጨረሻ ጥር 29 ቀን 2015 የምርጫ ሳጥን ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። ሁለት አማራጭ ነበራት፤ «ከሌሎች ጋር ሆኜ አንድ አዲስ ድራይቭ ልሁን» እና «በነበርኩበት ልቆይ»። አራት ዓመት የተጠበቀው «የራሴ» የሚለው አማራጭ አልነበረም። ሰዉ ቢያጣ ቢያጣ አዲስ ያለውን ተጫነ። የሌሎቹ ተቀባይነት ሲያገኝ የሶዶ ብቻ ጭነቱ ተበላሽቷል ተባለና ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ከመጀመሪያው ተደገመ። በነሐሴ አዲሱ ድራይቭ ተከፈተ። ዞን የሚባሉ 12 ፎልደሮች በውስጡ ተደረደሩ። አቅጣጫው አልተለወጠም፤ ስሙ ላይ የአገሪቱ ስም ተጨመረበት። አሁን ይህ አፕግሬድ ነው ወይስ ፎርማት? የሶዶ ቡና ቤቶች የተጣሉት በዚህ ነው። የተጠየቀው ፎርማት ነበር። የተሸጠውም በፎርማት ዋጋ ነው። ማሽኑ ሲከፈት ግን ከአዲሱ ሥዕል ጀርባ የድሮዎቹ አይኮኖች በድሮ ቦታቸው ተሰልፈው ፈገግ ብለዋል።

ከአዲሱ ድራይቭ ጋር አብሮ የመጣውን ክላስተር የሚለውን ቃልም እኔ አላመጣሁትም፤ የዲስክ ቃል ነው። ዲስክ ሲዘጋጅ ክላስተር በሚባሉ እኩል ሣጥኖች ይከፈላል፤ በተለመደው አሠራር አንዱ 4 ኪሎባይት ይይዛል። 5 ኪሎባይት ያለው ፋይል ሁለት ሣጥን ይወስዳል፤ በሁለተኛው ውስጥ የተረፈው 3 ኪሎባይት ለማንም አይሰጥም፤ ባዶውን ተይዞ ይቀመጣል። ትልቅ ፋይል ደግሞ አጠገብ ለአጠገብ ቦታ ካላገኘ በተለያዩ ክላስተሮች ይበተናል። እንዲህ የተበተነን ፋይል ለማንበብ የዲስኩ መርፌ ስትሮጥ ትውላለች፤ ሶዶ ላይ ትጀምራለች፣ አርባ ምንጭ ላይ አንድ አንቀጽ ታነባለች፣ ዲላ ደርሳ ትመለሳለች፣ ሳውላን ትነካለች፣ ጂንካ ታድራለች፣ ካራት ላይ ማኅተሙን ታገኛለች። አንድ ማመልከቻ ለመክፈት ስድስት ቦታ። መርፌዋ አበል ቢኖራት ሀብታም ትሆን ነበር። የሚገርመው ግን በተንኮል አልተበተነም፤ ሁሉም ክላስተር «እኔ ዘንድም ይቀመጥ» ስላለ ለእኩልነት ሲባል ነው። ዲፍራግ አድርገን ወደ አንድ ቦታ እንሰብስበው ብትሉ አምስቱ ያኮርፋሉ። ሳይሰበሰብ ይቆይ ብትሉ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጥ ጀግና ገና አልተወለደም።

ወደ ፎርማት ወገን እንምጣ። እነዚህ ቁጡዎች ናቸው። «ሁሉም ይጥረግ፤ ከዜሮ እንጀምር!» ይላሉ። ምክንያታቸው አይናቅም። በቁልፍ ያደገ ደረጃ የድሮውን ቆሻሻ አይጠርግም፤ የማይታወቁ ፕሮግራሞች ማሽኑ ሲነሣ አብረው ይነሣሉ፤ የማንም ያልሆኑ አካውንቶች የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይዘው ይቀመጣሉ። ግን እነዚህ ወገኖች ሦስት ነገር ይዘነጋሉ።

አንደኛው፣ ፈጣን ፎርማት የሚባለው ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ፋይሎቹ ከሥር አሉ፤ ስማቸው ብቻ ከዝርዝር ተሰርዟል፤ የሚያውቅባቸው ሰው በአንድ ሶፍትዌር ይመልሳቸዋል። ፎርማት ሳያደርግ ከላይ የጫነ ደግሞ የድሮው ሲስተም «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚል ፎልደር ተጠቅልሎ ይቀመጥለታል። ከቁጥር ወደ ቁጥር የሚያልፍ አፕግሬድም ቢሆን ይህንኑ ያስቀምጣል። በፈረንጅ አገር ከዐሥር ቀን በኋላ ማሽኑ ራሱ ያጠፋዋል። እኛ ዘንድ ግን በዐሥረኛው ቀን አማካሪ ተብሎ ይሾማል።

ሁለተኛው፣ ንጹሕ ዲስክ ላይ መጀመሪያ የሚገባው የባለሙያው ፍላሽ ነው። በዚያች ፍላሽ ላይ ኦፊስ አለ፣ ፓወር ግዕዝ አለ፣ የፊልም ማጫወቻ አለ፣ ክራክ አለ፣ እሷን ከከተማው ማሽን ሁሉ ጋር ያገናኛት የሾርትከት ቫይረስም አለ። ከአንድ ሰዓት በፊት «ነፃ ወጣሁ» ያለ ዲስክ ሰዓቱ ሳይሞላ የቀድሞ በሽታውን ከአዲሱ ሐኪሙ እጅ ይቀበላል። ሰዉ ዲስኩን ይቀይራል እንጂ ፍላሿን የሚመረምር የለም። ፍላሿም በኩራት ከማሽን ማሽን፣ ከግምገማ ግምገማ ትዘዋወራለች።

ሦስተኛው ድራይቨር ነው። አዲስ የተጫነ አሮጌ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ዋይፋዩን አያውቀውም። የዋይፋይ ድራይቨር የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ያለ ድራይቨር አይመጣም። ገቢ ለመሰብሰብ በጀት፣ በጀት ለማግኘት ገቢ ያስፈልጋል እንደማለት… ይቅርታ፣ ከርዕስ ወጣሁ።

ከፎርማት ወገን የማይረሱት ግን አሉ፤ ዕቃቸውን ያጡት። የእኛ ሰው ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ድራይቭ ውስጥ ነው። ፎርማት የሚያጠፋው እሱን ነው። የእድር መዝገቡ፣ የልጅ ትራንስክሪፕቱ፣ የመሬት ክርክሩ ደብዳቤ፣ በወላይትኛ የተጻፈው የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም «ከዜሮ» ተብሎ ወደ ዜሮ ሄደ። ከዜሮ እንጀምር የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ዴስክቶፑ ላይ የራሱ ነገር የሌለው ነው።

ከእነዚህ ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ውስጥ ክርክሩ ሲጦፍ አንድ አዛውንት ነበሩ። «ልጄ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አሉ። ቴክኒሻኑ ዐይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «እሱስ ልክ ነው አባባ፤ ግን የላላ ጉልቻ ሳይቀየር ከቀረ ድስቱ ይደፋል» አላቸው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ወጡ ግን ገና አልተጣደም።

ጥግ ላይ አንድ መምህር ማመልከቻ ሊያስጽፉ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። የማመልከቻው ጉዳይ የሦስት ወር ነገር ነው፤ ዝርዝሩን ወላይታ ውስጥ ያለ መምህር ሳይነገረው ያውቀዋል። ቴክኒሻኑ የአንዱን ላፕቶፕ ዲስክ ሲና ዲ አድርጎ ሲለያይ ቆይቶ፣ ሥራው ሲያልቅለት በደስታ ጮኸ፤

«ተከፈለ!»

መምህሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «የስንቱ ወር?»

«ዲስኩ ነው ጋሼ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም አብረው ሳቁ፤ ቁጭ ብለውም ካመጡት ወረቀት ጀርባ ሁለት ስንኝ ጫር አድርገው ለቴክኒሻኑ ሰጡት፤

ተከፈለ ብለው አበሠሩኝ ዛሬ፣
እኔም አልቀረሁም፤ ተከፈልኩ አብሬ።

እንግዲህ ምክር ላካፍል። አፕግሬድም ፎርማትም በራሱ ክፉ አይደለም። ማሽኑ ጤነኛ ከሆነና የጎደለው በር ብቻ ከሆነ ደረጃውን በሕጋዊ ቁልፍ ማሳደግ ይበቃል፤ የሚሠራን ቤት ማፍረስ ሞኝነት ነው። ሥሩ ከተበላሸ ደግሞ በተበላሸው ላይ አዲስ ስም መለጠፍ በሽታውን መሾም ነው፤ ይጽዳ። በሁለቱም መንገድ ግን የማይለወጥ ነገር አለ፤ እሱም አካሉ ነው። ራሙ 2 ጊጋ ከሆነ፣ በጠባብ ቦታ ብዙ ፕሮግራም ተጨናንቆ ከተቀመጠ፣ ሲስተሙ የፈለገውን ደረጃ ቢይዝ ፕሮግራሞቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጎበዝ ጎበዙ ቦታ ፍለጋ ወደ ሌላ ማሽን ይሰደዳል፤ እዚያም ጫማ እየጠረገ፣ ሎተሪ እያዞረ ይኖራል። ለአሮጌ ላፕቶፕ ከማንኛውም ሲስተም ይልቅ ራም መጨመር፣ በመርፌ የሚሠራውን ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር፣ የማቀዝቀዣውን አቧራ ማራገፍ ይበጀዋል። ይህን ግን ማንም ሪባን ቆርጦ አያስመርቀውም። አዲስ ስም ባነር አለው፤ ራም ባነር የለውም።

ስለዚህ ላፕቶፕዎን ለባለሙያ ከመስጠትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ባክአፑ የት ነው? የኖረው ነገር ሌላ ቦታ ሳይቀመጥ «ከዜሮ» የሚልዎትን አይመኑ። የአስተዳዳሪው ፓስወርድ ሲያልቅ በማን እጅ ይቀራል? «እኔ እይዝልዎታለሁ» ካለ ማሽኑ የእሱ፣ ክፍያው የእርስዎ ነው። የምታስገባው ቁልፍ ያነቃል ወይስ ስም ብቻ ይቀይራል? ይህን ሲጠይቁት ባለሙያው ሳል ከያዘው መልሱን አግኝተዋል።

ሦስቱም ከተመለሱ በኋላ እንኳ ሒሳብ ለመክፈል አይቸኩሉ። «አልቋል፣ እንኳን ደስ አለዎት» ሲልዎት፣ አዲሱን ሥዕል አይተው አይጨብጭቡ፤ ማሽኑ መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው በወረቀት ነው። አንድ ገጽ አትሞ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት። የደመወዝ ፔሮሉን ቢያትም ይመረጣል።